ቤይጂንግ ሳይደርስ የቀረው አምባሳደር

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1949 መገባደጃ የቻይና ኮሚኒስቶች ጦር ዋና ከተማዋን ናንጂንግን ሲይዝ፣ የቺያንግ ካይ ሼክ መንግሥት ወደ ደቡብ፣ ወደ ጓንግዡ ሸሽቶ ነበር። የሶቪየት ኅብረት አምባሳደር እንኳ ተከትሎት ሄዷል። የአሜሪካው አምባሳደር ጆን ሌይተን ስቱዋርት ግን ከአዲሶቹ ገዢዎች ጋር ለመነጋገር ሲል እዚያው ቀረ። ሃንግዡ ከተማ ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ የተወለደ፣ ቻይንኛ አቀላጥፎ የሚናገርና የየንቺንግ ዩኒቨርሲቲን ለረጅም ዓመታት የመራ ሰው ነው።

አቀባበሉ ሻካራ ነበር። ኤፕሪል 25 ማለዳ የታጠቁ ወታደሮች አምባሳደሩ ገና ከአልጋው ሳይወርድ መኝታ ክፍሉ ዘልቀው ገቡ። አዲሱ አስተዳደር ዕውቅና ያልሰጠውን መንግሥት ዲፕሎማት እንደ ተራ የውጭ ዜጋ ስለሚቆጥር፣ ማዕረጉ ከለላ አልሆነውም። ከመቶ ዓመት በላይ በባዕዳን ውል ተተብትባ በኖረች አገር፣ አብዮታዊ መንግሥት ከሁሉ አስቀድሞ የሚደራደረው ስለ ክብሩ ነው።

ሜይ 13 ስቱዋርትን ያነጋገረው የከተማዋ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ኃላፊ ሁዋንግ ሁዋ የቀድሞ የየንቺንግ ተማሪ ነበር። ሁዋንግ በእኩልነትና በጋራ ጥቅም ላይ የቆመ ዕውቅና ፈለገ፤ የአሜሪካ የጦር መርከቦች ከቺንግዳኦ እንዲወጡም ጠየቀ። ስቱዋርት በበኩሉ ዕውቅና የሚመጣው የሕዝብ ድጋፍ ያለውና ዓለም አቀፍ ግዴታውን የሚያከብር መንግሥት ሲቆም ነው አለ። ሁለቱ ሰዎች በመከባበር ተነጋገሩ፤ መንግሥታቱ ግን አንዱ ሌላው ቀድሞ እንዲጀምር ይጠብቅ ነበር።

ጁን 28 ሁዋንግ ትልቅ ወሬ ይዞ መጣ፦ ስቱዋርት ዩኒቨርሲቲውን ለመጎብኘት ወደ ቤይጂንግ ቢሄድ፣ የኮሚኒስት ፓርቲው መሪዎች ማኦ ዜዱንግና ቹ ኤንላይ በደስታ ይቀበሉታል። አምባሳደሩ ለዋሽንግተን የላከው ግምገማ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ይዘረዝራል። ጉዞው የመሪዎቹን ሐሳብ ከራሳቸው አንደበት ለመስማት ያስችላል፤ በፓርቲው ውስጥ ለሞስኮ ልቡን ያልሰጠውን ወገን ያበረታታል። በሌላ በኩል የኮሚኒስቶቹን ክብር ከፍ ያደርጋል፣ የምዕራባውያኑን ኤምባሲዎች አንድ አቋም ይሰብራል፣ አሜሪካ ውስጥም ወቀሳ ያስነሣል። ሚዛን ለመጠበቅ ጓንግዡን ልጨምር ቢል ደግሞ በቻይናውያን የውስጥ ጉዳይ እጁን ያስገባ ይመስላል። የግምገማው ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ ለቻይና ልዩ ፍቅር የነበረው ይህ ሰው ለጉዞው ቢጓጓም የሚያስከትለውን ጣጣ ከአለቆቹ አልደበቀም።

ጁላይ 1 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዲን አቼሰን እንዳይሄድ ከለከለው። በዚያው ሰሞን ማኦ ቻይና ወደ ሶሻሊስቱ ጎራ እንደምታዘነብል በጽሑፍ አሳውቆ ስለነበር፣ ጉዞው ቢደረግም ከሞስኮ ይነጥላት ነበር ማለት ይከብዳል። ያም ሆኖ በቀጣዩ ዓመት ኮሪያ ውስጥ ጦር የተማዘዙት ሁለቱ መንግሥታት ቢያንስ አንድ የመነጋገሪያ በር ይኖራቸው ነበር።

ስቱዋርት ኦገስት 2 ቻይናን ለቀቀ። ኦገስት 18 ማኦ ስሙን ርዕስ ባደረገበት ጽሑፍ የከሸፈ የአሜሪካ ፖሊሲ ምልክት አድርጎ ሸኘው።