የሙዝ ስኳር 97

ጀርባው ላይ አረንጓዴ መብራት የሚያበራውን የእጅ ሰዓት ታውቁታላችሁ። የልብ ምት ቆጠርኩ ሲል እናምነዋለን፤ ልብ በመታ ቁጥር ከቆዳ ሥር ያለው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። አለቀ። ስኳር ለካሁ ሲል ግን... ቆይ እስቲ!

የአክስታችን ልጅ ከዱባይ ስትመጣ ለእማዬ ሰዓት አመጣችላት። ካርቶኑ «ያለ መርፌ፣ ያለ ደም ስኳር ይለካል» ይላል። እማዬ መረቀቻት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትወጋው የኖረችው ጣቷ ጫፉ ደንድኗል፤ ብትመርቅ አይፈረድባትም። እኛ ልጆቿ ግን (ጋዜጠኛ ያስመረቀ ቤት አይደል?) «ማን አረጋገጠው?» አልን። ከምሳ በኋላ ጣቷን ወጋናት፤ 243። ሰዓቱ፤ 102። ሙዝ ላይ አሰርነው፤ 97። እንኳን ደስ ያለው፣ ሙዙ ጤነኛ ነው!

ሳቅን። ግን እማዬ ኢንሱሊኗን የምትመጥነው በዚያ ቁጥር ነው። ስኳሯ 243 ሆኖ ሰዓቱ 102 እያላት ከኖረች ቀስ በቀስ ዓይኗንና ኩላሊቷን ይበላዋል። ሌሊት ወርዶባት «ደህና ነሽ» ካላት ደግሞ ላይነጋላት ይችላል።

ነገሩ ለምን ከበደ? ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር አንድ ግራም ገደማ ነው። የመላ ሰውነቱ ደም ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ እኛ ቤት ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ይገባል (ከእማዬ በስተቀር)። ኦክስጅን የደምን ቀለም ስለሚለውጥ ብርሃን ይለየዋል። ስኳር ቀለም የለውም። ለዓይን በማይታይ ብርሃን ሲፈለግም ውሃው፣ ስቡና ፕሮቲኑ ይሸፍኑታል።

ብርሃን ጨርሶ አይችልም ማለታችን አይደለም። የአሜሪካው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2018 የፈቀደው ኤቨርሴንስ በብርሃን ነው የሚሠራው። ግን ሐኪም የክንድ ቆዳ ሰንጥቆ ከሥር ያስገባዋል። ላዩ ላይ የተለበጠው ኬሚካል ስኳር ሲይዝ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ መብራት ስትበራበት ይደምቃል፤ የሚለካው ድምቀቱ ነው። ያኔ 90 ቀን ነበር የሚቆየው፤ በ2024 የተፈቀደው ዓመት ይቆያል። ቆዳ ሳይነካ ራሱ ስኳር የሚለካ ሰዓትም ሆነ ቀለበት ግን ኤፍዲኤ አንድም እንዳልፈቀደ በዚያው 2024 ፌብሩዋሪ ላይ አስጠንቅቋል።

አንድ ቀን እውነተኛው ቢመጣም ጥያቄ አለን። ጣት ላይ የሚቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያም በብርሃን ነው የሚሠራው። በ2020 መጨረሻ የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን ማነስን በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ደጋግሞ እንደሚስት አሳይቷል። ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምንጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን «እንደ እማዬ ባለ ቆዳ ላይ ሞክራችሁታል?» ብለን ነው።

የእማዬ ስትሪፕ ሐሙስ ያልቃል። መድኃኒት ቤት የመሄዱ ተራ የታናሻችን ነው።