ሁለት ቅን ሰዎችና አንዲት በግ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ለሚኖር ሰው በግ ትልቅ ሀብት ነው። ውርጭ እህሉን በቀጣበት ዓመት ቤተ ሰቡን ደግፎ የሚያወጣው በግ ነው፤ ፀጉሩ ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ዋጋው ለግብር፣ ለልብስና ለልጆች ደብተር ይውላል። ስለዚህ በግ የተሰረቀበት ሰው የዓመት ተስፋውን እንደ ተነጠቀ ይቈጠራል። ነገር ግን ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ሌባው አይደለም። ያሰብነው ሌባው ገንዘቡን ይዞ ከሄደ በኋላ ፊት ለፊት ስለሚቆሙት ስለ ሁለቱ ሰዎች ነው፤ ይኸውም በጉ ስለ ጠፋበት ባለቤትና የሌባ መሆኑን ሳያውቅ ዋጋውን ቆጥሮ ስለ ገዛው ሰው። ሁለቱም ቅኖች ናቸው፤ በጉ ግን አንድ ነው።

በቀድሞ ዘመን ሌባ ሲጠፋ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። የሌባ ሻይ የሚባለውም ልማድ ነበረ፤ መድኃኒት የጠጣው ልጅ ከደረሰበት ደጅ የሚኖረው ሰው በሌብነት ይያዝ ነበር። በዚህ ምክንያት ንጹሕ ሰው ሳይቀር ይዋረድ ነበር። ልማዱ ቢቀርም አሳቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ዛሬም የተሰረቀ ከብት በእጁ የተገኘ ሰው ሁሉ ሌባ የሚመስለን ብዙዎች ነን።

በማስተማር ሥራ ላይ ሳለን አንድ ገበሬ ከመሐል ሜዳ ገበያ አንዲት የበግ ግልገል ገዝቶ ለልጁ ሰጠው። ልጁ ተማሪያችን ነበር። ግልገሊቱን በእጁ ሣር እያበላ አሳደጋት፤ ስምም አወጣላት፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ትቀበለው ነበር። ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ከወንዝ ማዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ በግጦሽ ላይ አይዋት፣ የጆሮዋን ምልክት ለይተው፣ «ይህች የእኔ ናት፤ ከበረቴ የተሰረቀች ናት» አሉ። ገበሬውም፣ «በገንዘቤ የገዛኋት ናት» አለ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። በጊቱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ወልዳ ታጠባ ነበር።

ነገሩ ወደ ጠብ ሳይደርስ የአገር ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኛም ስምምነቱን እንድንጽፍ ተጠራን። ሽማግሌዎቹ ገበሬውን፣ «ከማን ገዛህ? ማን አየ? ዋስህስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መካከል መግዛቱን ሁለት ጎረቤቶቹ መሰከሩለት። ዋስ ግን አልጠራም ነበር፤ ሻጩ «ዝናብ ሳይመጣብኝ ልሂድ» ብሎ አቻኩሎት ነበርና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለዚህ ጉዳይ መልስ አለው። በ1161ኛው ቍጥር፣ በቅን ልቡና ዋጋ ከፍሎ የሚንቀሳቀስ ንብረት የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። የተሰረቀን ነገር ግን ለይቶ ያየዋል፤ የተሰረቀበት ሰው ንብረቱን ከገዥው ሊያስመልስ ይችላል። ሆኖም ገዥው በቅን ልቡና ከአደባባይ ገበያ ገዝቶ እንደ ሆነ የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት ባለቤቱን ሊጠይቅ ይችላል። ሻጩም ገዥው የገዛው ነገር ቢወሰድበት በኃላፊነት ይጠየቃል። ኦሪት ዘጸአትም በግ ሰርቆ የሸጠ ወይም ያረደ ሰው ስለ አንዱ አራት እንዲከፍል ያዝዛል፤ ዕዳውን የሚጭነው በሌባው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ በጊቱ ለባለቤትዋ እንድትመለስ፣ ግልገሉ ለልጁ እንዲቀር፣ ባለቤቱም የዋጋውን እኩሌታ በመከር እንዲከፍሉ ተናገሩ። ገበሬው «የቀረውን ትቻለሁ፤ ዓመት ሙሉ ከበረቴ ነበረችና» አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ በጊቱን በአንገትዋ ይዞ ያለቅስ ነበር። ከወንዝ ማዶ የመጡት ሽማግሌ ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ግልገሉ ጡት እስኪተው ድረስ እናቱ እዚሁ ትቆይ፤ ያን ጊዜ ልጁ ራሱ ይዞልኝ ይምጣ፤ ቤቴንም ይወቅ» አሉ። እኛም ይህን ቃል ከስምምነቱ በታች ጻፍነው። ሕጉ ይህን እንዲያደርጉ አያስገድዳቸውም ነበር።

እንግዲህ የቤት አባትና የቤት እመቤት ሆይ፣ ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? አላወቅሁም ማለት ብቻውን ቅንነት አይሆንም፤ ቅን ገዥ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ነው። ከብት ስትገዙ በቀን፣ በገበያ፣ በምስክር ፊት ግዙ። የምታውቁትን ሰው ዋስ ጥሩ፤ የሻጩን ስምና ቀበሌ በወረቀት አስፍሩ። ጆሮውንና ምልክቱን ተመልከቱ። ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ እንደ ሆነ ምክንያቱን ሳትሰሙ ገንዘባችሁን አትፍቱ፤ ርካሽ ያደረገው ምናልባት የሌላ ቤት ልቅሶ ይሆናልና።

ከብት የጠፋባችሁም ምልክቱን ሳትዘገዩ ለጎረቤት፣ ለገበያተኛና ለፖሊስ አስታውቁ። ባገኛችሁት ጊዜ ግን በእጁ የተገኘበትን ሰው፣ «ሌባ» ከማለታችሁ በፊት፣ «ከማን ገዛኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ከሆነ ሌባው አንድ በግ ቢሰርቅም የሁለት ቤት ሰላም ሊሰርቅ አይችልም።