ሁለት ዓይነት «በቃኝ»

የምንባብ ክፍል፦ 1ነገሥት 19፥1–8፤ ፊልጵስዩስ 4፥10–20



በዚህ ወራት ምእመናንን በየቤታቸው ስንጎበኝ ደጋግመን የምንሰማው ነገር «ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ» የሚል ነው። የቤት ኪራይ የተጨመረበት አባወራ ይለዋል። ልጇን ወደ ዓረብ አገር ልካ ስልክ የምትጠብቅ እናት ትለዋለች። ከቀዬው ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋ ወንድም ይለዋል። ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣትም ይለዋል። ብዙዎቹ ይህን ከተናገሩ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እምነቴ ደክሞ ነው መሰለኝ» ብለው ይጨምሩበታል።

እኛ ግን ሸክም ከአቅም በላይ መሆኑ ኃጢአት ነው የሚል ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ አላገኘንም። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስያ ስለ ደረሰበት መከራ ሲጽፍ፣ ሸክሙ ከኃይሉ በላይ እንደ ነበረና በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እንደ ቆረጠ አልሸሸገም (2ቆሮ. 1፥8)። ኤልያስም በምድረ በዳ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለምኗል። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት በተግሣጽ አልጀመረም። ነቢዩ ተኛ፤ መልአክ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፤ ዳግመኛ ተኛ፤ ዳግመኛ ተቀስቅሶ በላ። መንገዱ ከነቢዩ አቅም በላይ መሆኑን የተናገረውም መልአኩ ራሱ ነው።

በአማርኛችን «በቃኝ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ኑሮ የመረረው ሰው ቃል ነው፤ «ከዚህ በላይ አልችልም» ማለት ነው። ሌላው ከማዕድ የሚነሣ ሰው ቃል ነው፤ ባለቤቶቹ «ብሉ እንጂ!» ሲሉት «በቃኝ፣ ተመስገን» ይላል። ኤልያስ ከዛፉ ሥር የተናገረው የመጀመሪያውን ነው። ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው ሁለተኛውን ነው። ሰው ከመጀመሪያው «በቃኝ» ወደ ሁለተኛው እንዴት ይሻገራል? በቤታችን ይህን ጥያቄ ለፈተና ሳይሆን ለኑሮ ስንጠይቀው አራተኛ ዓመታችን ነው።

ታናሽ እህታችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ሰኞና ሐሙስ ለኩላሊት እጥበት እንወስዳታለን። 4 ሰዓት ያህል ከማሽኑ አጠገብ ትቆያለች፤ ደሟ ወጥቶ፣ ተጣርቶ ይመለሳል። ሐኪሞቹ በሳምንት 3 ጊዜ ቢሆን ይመርጣሉ፤ ገንዘባችን የቻለው ግን 2 ጊዜ ነው። ውሃ የምትጠጣው በልክ ነው፤ ኩላሊት ያላስወገደው ውሃ በሰውነት ተጠራቅሞ እግር ያሳብጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራልና። ጠዋት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ትሞላላታለች፤ የቀን ድርሻዋ እርሷው ናት። ቡና ከተፈላ አቦሉን ብቻ ትጠጣለች፤ እርሱም ከጠርሙሱ ይቀነሳል። ሙዝና ብርቱካን፣ ጨው የበዛበትም ወጥ ተከልክላለች። ለእጥበቱ ቀዶ ጥገና በተደረገለት ክንዷ ከባድ ነገር አታነሣም።

ኩላሊት ለመስጠት ከቤተሰቡ ሁለት ሆነን ቀረብን። በምርመራው አንዳችን የደም ግፊት፣ ሌላችን ስኳር ተገኘብን፤ ሁለታችንም አትችሉም ተባልን። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው ውስጥ ማንም ቃል አልተነፈሰም። እህታችን እቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «በቃኝ» አለች። የኤልያስን «በቃኝ» ነበር ያለችው። ጥቅስ አልጠቀስንላትም። አንዳችን ጫማዋን አወለቅንላት፤ ሌላችን ትንሽ ገንፎ አገነፋንላት። በልታ ተኛች።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አገልጋይ ሊጸልዩላት ወደ ቤታችን መጡ። አብረን ጸለይን፤ ጸሎታቸውንም ወደድነው። ሲጨርሱ ግን፣ «ተፈውሰሻል፤ ከእንግዲህ ወደ ማሽኑ መሄድ እምነትሽን መካድ ነው» አሏት። ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ። ኩላሊቱ ጨርሶ የደከመ ሰው እጥበቱን ካቆመ፣ ብዙውን ጊዜ ዕድሜው የቀናት ወይም የጥቂት ሳምንታት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እህታችን በእርጋታ መለሰችላቸው፤ «ጌታ ይባርክዎት። ከፈወሰኝ ሐኪሙም በምርመራ ያየዋል፤ ያን ቀን አብረን እናመሰግናለን። እስከዚያ ግን ሐሙስ እሄዳለሁ። ማሽኑ ላይም ብሆን የጌታ ነኝ።»

ስለ ፈውስ መጸለይን አላቆምንም፤ አናቆምምም። እግዚአብሔር ይፈውሳል ብለን እናምናለን። ነገር ግን ያች መልስ ከእምነት ማነስ እንዳልመጣች አይተናል። ከአልጋው ጫፍ ላይ «በቃኝ» ያለችው ያችው ሰው ናት፤ በመካከል ግን አንድ ነገር ተምራለች።

«መማር» የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በፊልጵስዩስ 4፥13 ላይ ክርስቶስ በሚሰጠው ኃይል ሁሉን ስለ መቻል የተነገረው ቃል በታክሲና በባጃጅ መስታወት ላይ ተለጥፎ እናየዋለን። ተማሪ ለፈተና፣ ነጋዴ ለንግዱ ይጠቅሰዋል። ከፊቱ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች ስናነብ ግን «ሁሉ» የተባለው ምን እንደ ሆነ ይገለጥልናል፤ መጥገብና መራብ፣ መትረፍረፍና ማጣት ነው። ጳውሎስ ክርስቶስ ኃይል የሰጠው ረሀቡን ሁሉ እንዲያስቀር ነው አላለም። በረሀቡም ውስጥ፣ በጥጋቡም ውስጥ የክርስቶስ ሆኖ እንዲኖር ነው ያለው። ይህንንም በአንድ ሌሊት እንዳገኘው አይናገርም፤ እንደ ተማረው ነው የሚናገረው። ትምህርት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ ኑሮዬ በቃኝ ማለት ያቃተው አማኝ ከክፍሉ አልተባረረም፤ ገና በመማር ላይ ነው።

ጳውሎስ በዚህ ስፍራ የተጠቀመበት «አውታርኬስ» የሚለው የግሪክ ቃል በዘመኑ የኢስጦይኮች ፈላስፎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ለእነርሱ ትርጉሙ «ራሱን የቻለ» ማለት ነው፤ ማንንም የማይፈልግ፣ ቢያጣም ቢያገኝም ልቡ የማይነካ ሰው ማለት ነው። ሐዋርያው ቃሉን ከእነርሱ ጋር ይጋራል፤ ምንጩን ግን ይለውጠዋል። እርሱ የቻለው በራሱ አይደለም፤ ኃይል የሚሰጠው ሌላ አለ። በሌላ ስፍራም መውጊያው እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ እንደ ለመነ፣ ጌታም ጸጋው እንደሚበቃው እንደ መለሰለት ይነግረናል (2ቆሮ. 12፥8–9)። እንግዲህ በሁለቱ «በቃኝ» መካከል የቆመው የእኛ ጥንካሬ አይደለም፤ «ይበቃሃል» የሚለው የጌታ ቃል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ጳውሎስ ሁሉን እንደሚችል በተናገረበት እስትንፋስ፣ የፊልጵስዩስ ሰዎች መከራውን መካፈላቸው መልካም መሆኑን ይጨምራል። በዚያ ዘመን እስረኛ ምግቡንና ልብሱን በአብዛኛው ከወገኖቹ ይጠብቅ ነበር። አፍሮዲጡ ከፊልጵስዩስ ተነሥቶ ስጦታውን ያደረሰው ለዚህ ነው፤ በዚያው አገልግሎት ታሞ ለሞት ቀርቦም ነበር (ፊልጵ. 2፥25–30)። ዛሬም ድረስ በአገራችን ለዚህ ነገር የራሱ ስም አለው፤ ስንቅ ማቀበል ይባላል።

በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ መሪዎቿ ታሰሩ፤ ምእመናኗም በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ልጆች የነበርን ሰዎች፣ ስንቅ ተቋጥሮ በእጃችን ሲሰጠን ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ዘቦቹ እንጀራውን ገልጠው ይፈትሹታል፤ አንዳንድ ጊዜም ያመጣውን ሰው «ቅመስ» ይሉታል። ከዚያ በር ወዲያ ያለው አባት ኃይል የሚሰጠው ክርስቶስ ነው፤ ሳህኑን ግን የያዘው የሰፈር ልጅ ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

ስለዚህ በእግዚአብሔር መታመን ማለት «ማንም አያስፈልገኝም» ማለት አይደለም። ሰው ሊረዳን ሲመጣ «ጌታ አለ፣ አትቸገሩ» ብለን በር የምንዘጋ ከሆነ፣ ጌታ የላከውን አፍሮዲጡን እየመለስነው ይሆናል። በእህታችን ሕመም ይህን በዓይናችን አይተናል። በቤት ለቤት ኅብረታችን ያለች እናት፣ ራሷ ጉሊት ቸርቻሪ ሆና ሳለች፣ በየወሩ አንድ የእጥበት ቀን የታክሲውን ሒሳብ ትችላለች። አንድ ወጣት ሐሙስ ሐሙስ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብላታል። የቀድሞ ተማሪዎቿ መጥተው ደብተር ያሳርሟታል፤ በደህናው እጇ ታርማለች። ለኃይል ስንጸልይ ኃይሉ የመጣው በእነዚህ ሰዎች በኩል ነው።

የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ የተመገቡትን መና አስቡ (ዘፀ. 16)። የሚለቅሙት ለዕለቱ ነበር፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር ያሳደሩት ይተላ ነበር። የእህታችን ኑሮም እንዲሁ ነው። የሰኞው እጥበት እስከ ሐሙስ ያደርሳታል እንጂ ለመጪው ወር አይቀመጥም። አንድ ቀን፣ «የሚቀጥለውን ዓመት ሳስብ አልችልም፤ ሐሙስን ሳስብ ግን እችላለሁ» አለችን። የምንጨነቀው አብዛኛውን ጊዜ ገና ላልመጣ ቀን የሚሆን ኃይል ዛሬ በእጃችን ስለሌለ ነው። ያ ኃይል የሚሰጠው በቀኑ ነው። ለዛሬ የሚሆነው ግን ተሰጥቷል፤ ወጥቶ መልቀም ነው።

ይህ ማለት ግን መጠየቅ እናቆማለን ማለት አይደለም። ለሦስተኛው የእጥበት ቀን የሚሆን ገንዘብ እንፈልጋለን፤ የሚስማማ ለጋሽ እንዲገኝም እንጸልያለን። ደመወዙ ያነሰው ሠራተኛ ጭማሪ ይጠይቅ። የተበደለ ፍትሕን ይፈልግ። የታመመ ይታከም። በኑሮ በቃኝ ማለት ለችግር መስገድ አይደለም፤ የለመንነው ሳይመጣም ክርስቶስን ይዘን መቆየት ነው።

ወገኖች፣ ሸክሙ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ አስቀድማችሁ ለጌታ እንዳለ ንገሩት፤ ኤልያስ እንደ ተናገረው በመራራ ቃልም ቢሆን። ብሉ፤ ተኙ፤ ይህም ከእግዚአብሔር እንክብካቤ ነው። ለአንድ የምታምኑት ወንድም ወይም እኅት ስሙን ጠርታችሁ ችግራችሁን ግለጡ። ማታ ስትተኙ ደግሞ በዚያ ቀን የተሰጣችሁን አንድ ነገር በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ፤ የተቀበሉትን መቁጠር የሁለተኛው «በቃኝ» ፊደል ነው። አቅም ያላችሁም ስንቅ የሚጠብቅ ሰው በሰፈራችሁ እንዳለ አትርሱ።

ይህን የምታነቡ፣ ክርስቶስን ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ ሕይወታችሁን አስተካክላችሁ እስክትመጡ አይጠብቃችሁም። በመጀመሪያው «በቃኝ» ላይ እንዳላችሁ ኑ። ኃጢአታችንን ተሸክሞ የሞተልንና የተነሣው ጌታ የደከመውን ሰው አይመልስም።

አብረን እንጸልይ። አባት ሆይ፣ አቅማችን ማለቁን አንተ ታውቃለህ። ለነገ የሚሆነውን በእጅህ እንተወዋለን፤ ለዛሬ የሚበቃንን ስጠን። በማሽን ላይ ያሉትን፣ በስደት ያሉትን፣ ስልክ የሚጠብቁትን እናቶች ደግፋቸው። የላክህልንን ሰዎች እንድንቀበል፣ እኛም ለሌሎች የምንላክ እንድንሆን እርዳን። ምሬታችን በጸጋህ ወደ ምስጋና ይለወጥ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።