ጀጎል ውስጥ ምሥጢር የት ይደበቃል?

ተከታታይ ድራማ የሚወድ ሰው ሁሉ በልቡ የዘር ሐረግ ይቆጥራል። ይህ ልጅ የማን ነው? ያቺ ሴትዮ ስሙ ሲጠራ ለምን ደነገጠች? ሰውየውስ ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣው? ክፍሉ ባለቀ ማግስት ግምቱ ታክሲ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቡና ላይ ይቀጥላል። ደራሲው የጀመረውን ተመልካቹ እየተከራከረ ይጨርሰዋል።

«ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በታየባቸው ዓመታት፣ ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ፣ የዚህ ክርክር መሐል ላይ የቆመው አስናቀ ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተው ይህ ባለሀብት ክፋቱን ከተመልካች አልደበቀም። ያልደረሱበት አብረውት የሚበሉና የሚጠጡት ናቸው። አገሩን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጠው «ማን አደረገው?» ከሚለው ይልቅ «መቼ ይደርሱበታል?» የሚለው ጥያቄ ነው። እየተሳቀ ቡና በሚጠጣበት ቤት ውስጥ ተመልካቹ ብቻውን ይጨነቃል፤ ያወቀውን ለባለ ታሪኮቹ መንገር አይችልማ!

ከቴሌቪዥኑ በፊት ሬዲዮው ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች ነበሩት። አድማጩ የባለ ታሪኳን የፍቅርተን ፊት አላየም፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ማን ለማን እንዳዘነ በድምፅ ብቻ እየለየ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ተከታተላት። የባለ ታሪኮቹ ዝምድና በደንብ ከተገመደ ሰው ምሥሉ ባይኖርም ክሩን አይስተውም።

ዛሬ ብዙ ድራማዎችን የሚጎዳቸው ክሩ ሲላላ ነው። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው አምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ የሚፈታ ነገር በስልክ መቋረጥ፣ በመንገድ መተላለፍ፣ «ልነግርሽ የምፈልገው ነገር ነበር» ብሎ ዝም በማለት ለወራት ይጎተታል። ይህ ምሥጢር አይባልም፤ ማዘግየት ነው። ሥፍራውም የራሱ ድርሻ አለው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው፤ ዘበኛ ያለው ቪላ፣ ሆቴል፣ ቢሮ፣ መኪና። እዚያ ሰው ማንነቱን ለመደበቅ ሰፈር መቀየር ይበቃዋል፤ ጎረቤቱ ስሙን እንኳ ላያውቅ ይችላልና።

ያንኑ ባለ ታሪክ ወደ ሐረር እንውሰደውና በፈላና በር እናስገባው። ሐረሪዎች አሱም በሪ የሚሉት ይህ የሰሜን በር በግንብ ከታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከጀጎል፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህ ከተማ 82 መስጊዶችን በውስጡ ይዟል። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳውን ይጠጋል። ግቢ ከግቢ ይያያዛል። ሻንጣ የያዘ እንግዳ በፈላና በር ከገባ፣ የሚያርፍበት ቤት ከመድረሱ ወሬው ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ሃምሳ ክፍል ያስኬደው ድብቅ ማንነት እዚህ ሳምንት አይቆይም።

ታዲያ ጀጎል ውስጥ ድራማ አይሠራም ማለት ነው? እንዲያውም የሚሻለው እዚህ ነው። ቤቱ ራሱ ይናገራል። የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ውስጥ ከፍታና ዝቅታቸው የተለያየ አምስት መቀመጫዎች፣ ነደባዎች፣ አሉ። አሚር ነደባ፣ ጊዲር ነደባ፣ ሱጥሪ ነደባ እያንዳንዳቸው የሚቀመጥባቸው ሰው ይታወቃል። አስጎብኚዎች እንደሚያወሩት፣ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከተሰቀለ ቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችው። ደራሲ ይህን ይዞ ምን ያህል ቃል ይቆጥባል! ማንም የማያውቀው ጎልማሳ ገብቶ የቤቱ አባወራ ከክብር ቦታው ተነስቶ ሲያስቀምጠው፣ የሐረር ተመልካች አንድ ቃል ሳይሰማ ይነቃል። ምንጣፉ አንድ ቀን ወርዶ ቢታይ እናትየው የደበቀችውን ነገር ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃል።

አፎቻም አለ። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚሰባሰቡበት፣ ሠርግና ሐዘን አብረው የሚወጡበት ማኅበር ነው። የአፎቻ ሴቶች በየቤቱ ያለውን ያውቃሉ፤ ማን ለሐዘን እንዳልመጣ፣ ማን ከማን ጎን እንዳልተቀመጠ ያያሉ። ስለዚህ እዚህ የሚደበቅ ነገር ካለ፣ ሁሉም እያወቀ ማንም የማያነሳው ነው። ይህ ከአስናቀ ምሥጢር የከበደ ይመስላል። አስናቀን ለመጣል ማስረጃ ይበቃል፤ ሰፈር የተስማማበትን ዝምታ የሚሰብር ሰው ግን አፎቻውን ሊያጣ፣ በሐዘኑ ቀን ብቻውን ሊቀር ይችላል።

ከአዲስ አበባ መውጣት እንደሚያዋጣ «እረኛዬ» አሳይቷል። አዜብ ወርቁና ቅድስት ይልማ ከደራሲያኑ መካከል የሆኑበት ይህ የአርትስ ቲቪ ድራማ ታሪኩን ገጠር ላይ ተክሎ ከተሜውን ጭምር አስከትሏል። መሬቱ፣ ሽምግልናው፣ የአነጋገሩ ወዝ ለታሪኩ ጌጥ ብቻ አልሆኑም፤ ሰዎቹን እርስ በርስ ያሰሯቸው እነሱ ናቸው።

ለሐረር ደራሲ ታሪክም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1887 ምኒልክ ከተማይቱን ሲይዙ የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ሥልጣናቸውን አጡ፤ አገሩ ለራስ መኮንን ተሰጠ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ በዚህ ከተማ ይነግድ ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ቤት ግን እሱ ከሄደ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው ይባላል። እውነተኛ ቤቱ የትኛው ነበር? ማን አከራየው? ከዚህ ብቻ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቋንቋው አለ። ሐረር ገበያ ላይ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ሊደመጡ ይችላሉ። ሁለት ወንድሞች ስለ አባታቸው ኑዛዜ በሐረሪኛ ሲከራከሩ አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት አንገቷን አቀርቅራ ሚዛኗን ታስተካክላለች እንበል። ቋንቋውን እንደማታውቅ አምነው የልባቸውን ተናግረዋል። ሐረሪኛ ከማን ተማረች? የመጀመሪያው ክፍል እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁለተኛውን የማይጠብቅ ተመልካች አይኖርም።