ታጋች አጋቹን ሲወድ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973 ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ዘራፊ አራት የባንክ ሠራተኞችን ለስድስት ቀናት አግቶ ነበር። አንደኛውን ታጋች «እግርህን ብቻ ነው የምመታህ» ሲለው፣ ሰውየው ይህን እንደ ደግነት ቆጠረለት። ታጋቾቹ ከዘራፊው ይልቅ ፖሊሶቹን ፈሩ። «የስቶክሆልም ሲንድሮም» የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እናንተ ግን አትሳቁ! ሊገድላችሁ የሚችለውም፣ ውሃ የሚያቀብላችሁም ያው አንድ ሰው ሲሆን፣ በሕይወት ያደራችሁበት ሌሊት ሁሉ የእርሱ ውለታ መስሎ ይታያችኋል።

በአገራችን ስንቷ እህት ተጠልፋ ከከረመች በኋላ «ወድጄዋለሁ» ብላለች! ሽማግሌዎችም ይህንኑ ይዘው ጠላፊውን አማች አድርገውታል። የውዴታዋን እውነት ማወቅ የፈለገ ግን አስቀድሞ በሩን ይክፈትላት።

ሱማማህ ኢብኑ ኡሣል (ረ.ዐ.) ተማርከው በመዲና መስጂድ ምሰሶ ላይ ታስረው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በየቀኑ እየመጡ ያነጋግሯቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ያለ ምንም ቤዛ «ፍቱት» አሉ። ሱማማህም በአቅራቢያው ወደነበረ የተምር ዛፍ ሥፍራ ሄደው ታጠቡ፤ ከዚያም በገዛ እግራቸው ተመልሰው ሸሃዳ ያዙ።