የሚከፈት ላፕቶፕ

ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ከጭሮ በማለዳ ተሳፍረን ሂርናንና ቁልቢን አልፈን ደንገጎን ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን። በቀጥታ ወደ ታይዋን ገበያ ነው የሄድኩት። አዲስ ላፕቶፕ ለመምህር ደመወዝ ድሮም ሩቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ ከ100 ካለፈ ወዲህማ ዋጋውን መጠየቅም ትቻለሁ።

ሻጩ ልጅ ሁለት ዩዝድ አቀረበልኝ። አንዱ ቀጭንና የሚያብረቀርቅ ነው። ሌላው ወፍራምና ጥቁር ቲንክፓድ ቲ430፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ።

«አቦ መምህር፣ ቀጭኑን ውሰድ! ክፍል ይዘኸው ስትገባ ያምርብሃል» አለኝ።

እኔ ጥቁሩን ገለበጥኩት። ባትሪው በጣት ተገፍቶ ይወጣል። ሃርድ ዲስኩን የያዘው አንድ ብሎን ነው። የሥሩ ክዳን ሲነሣ ራሙ ይታያል። የቀጭኑ ራም ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ከተበላሸ ቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። ጭሮ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ከሁሉም ይበልጣል። ብሎን ፈትተው ዕቃ የሚለውጡ ጎበዝ ጠጋኞች አሉን። የማይከፈት ዕቃ የያዘ ሰው ግን ለትንሽ ብልሽት አዲስ አበባ ድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

ሳልከፍል ብዙ ቆየሁ። ነጭ ገጽ ከፍቼ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ፈለግሁ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጻፍኩ። በየዩኤስቢው ቀዳዳ ፍላሽ ሰካሁ። ከዚያ አጥፍቼ አበራሁትና ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገባሁ፤ የይለፍ ቃል አልጠየቀኝም። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ደግሞ ባትሪው አዲስ ሳለ ስንት ይይዝ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያሳያል። የኔው ከግማሽ በታች ነው። ልጁ ሐቀኛ ነበር፦ «ባትሪ ስትቀይር ኦርጅናል ፈልግ። ይሄ ሞዴል ፎርጂዱን አይቀበልም፣ አይቻርጅልህም» አለኝ። ትክክል ነው፤ የዚህ ሞዴል ባዮስ የባትሪውን ማንነት ይመረምራል። ዋጋው ላይ ቀነሰልኝና ተስማማን።

ጥቅምት 12፣ ጭሮ

ላፕቶፑ የመጣው በዊንዶውስ 10 ነው። ለዚህ ሥርዓት ማይክሮሶፍት ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ገና ጥቅምት 4 ተቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ኢንቴል ይጠይቃል፤ የኔው ኮር አይ5 ሦስተኛ ትውልድ ነው። የደኅንነት ማሻሻያ በማያገኝ ማሽን የባንክ ሒሳቤን መክፈት አልፈልግም።

ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የሚማር የቀድሞ ተማሪዬ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት በፍላሽ አመጣልኝ። ሥርዓቱ ነጻ ነው፤ ሥሪት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ማሻሻያ ያገኛል። አብረን ክዳኑን ፈትተን ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ለወጥን፤ ራሙንም ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግን። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሳይወርድ ሥራው አልቆ ነበር። እስኪነሣ ድረስ ያሰለቸኝ የነበረው ማሽን አሁን ቶሎ ይከፈታል። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ ያውል።

ኅዳር 3

የፈተና ወረቀቶቼን ገለበጥኩ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፉት በቁቤ ስለሆኑ ያለ ምንም ችግር ተከፈቱ። የድሮዎቹ የአማርኛ ወረቀቶች ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆነው መጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የጻፍነው ለየፎንቱ በተሠራ የራሱ አቀማመጥ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉም የለም። ጥያቄዎቹን ከታተመው ወረቀት እያየሁ በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ጀመርኩ። የትኛውም መምህር የድሮ ኮምፒውተሩ ሳይሞት ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ ያሸጋግር።

ኅዳር 21፣ ሚኤሶ

ወንድሜ ዘንድ መጣሁ። ጭሮ ወይና ደጋው ላይ ዝም የሚለው ፋን ከቆላው ሲደርስ ይጮኻል። ወንድሜ የራሱን ላፕቶፕ ፍራሽ ላይ አድርጎ ነው ፊልም የሚያየው፤ አየር ማስገቢያው ታፍኖ ይጠፋበታል። ሁለቱንም ከፍተን አቧራውን በብሩሽ ጠረግንና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ፔስት በአዲስ ተካነው። የሁለቱም ጩኸት ቀነሰ።

ታኅሣሥ 21፣ ጭሮ

የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚዎች እየተመለሱ ነው፤ መንገዱ በመኪና ተሞልቷል። የጎረቤቴ እህት ስለቷን ልታስገባ ከውጭ መጥታ ለእህቷ ልጅ ላፕቶፕ ይዛለት ነበር። ልጁ 12ኛ ክፍል ነው። ብሔራዊ ፈተናው ከ2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ፣ ኪቦርድና ማውስ የለመደ እጅ ይዞ መግባት ለእሱ ቅንጦት አይደለም።

ሲበራ፣ ዊንዶውስ ሳይነሣ ገና፣ የይለፍ ቃል ጠየቀ። ቤተሰቡ በሙሉ ከበበን። ጠጋኙ ዘንድ ወሰድነው፤ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ የዊንዶውስ አይደለም እህቴ፣ ፎርማት አይፈታውም። ቦርዱ ላይ ቺፕ ውስጥ ነው የተቀመጠው።»

«መሥሪያ ቤታችን ሲለውጥ ነው የሰጡን። ማንም አልነገረኝም» አለች፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ልጁ ግን ላፕቶፑን ታቅፎ ነበር፣ ሊለቀውም አልፈለገም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት እየመጣ በቲንክፓዱ እንዲለማመድ ተስማማን።

ጥር 2

ልጁ ዛሬ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። መብራት ሄዶ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ተፈራርቀው ጻፉ።

ውጭ አገር ላላችሁ ወገኖች ይህን መጻፍ አለብኝ። በዊንዶውስ 10 ምክንያት መሥሪያ ቤቶቻችሁ ዘንድሮ ብዙ ደህና ላፕቶፕ ይጥላሉ። ዊንዶውስ 11ን አለመቀበሉ ለኛ ችግር አይደለም፣ በሊኑክስ ይሠራል። ለዘመዳችሁ ከመያዛችሁ በፊት ግን አብሩትና ባዮስ ውስጥ ግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ከእጁ ሳይወጣ እንዲያነሣው ጠይቁ። ኦርጅናል ቻርጀሩን አብራችሁ ያዙ። ሌላውን ሁሉ እኛ እዚህ እናስተካክለዋለን።