የአሸንዳው ሰበብ

ግራቪሊያውን ለምን እንዳስቆረጥኩት ሰው ሲጠይቀኝ «አሸንዳ እየደፈነ አስቸገረን» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ጣሪያ ላይ ወጥቼ የዛቅኩትን እኔ አውቃለሁ። ግን አሸንዳ ይጠረጋል እንጂ ዛፍ አይቆረጥለትም። እውነቱን ለመናገር፣ ያስቆረጥኩት ለቪትዟ ነው።

በብድር የገዛኋት መኪና ናት። ማታ አጥቤ አቆማታለሁ፣ ጠዋት ስወጣ ወፎቹ አዥጎርጉረዋታል። አይ፣ እሱም ሙሉው አይደለም። ጎረቤቴ ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ አስነጠፈ። የእሱ ያብረቀርቃል፤ የእኛ አፈርና ቅጠል ነው፣ መሃሉ ላይ እማዬ ዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እንግዳ ሲመጣ አፍር ነበር። በዛፉ ይሁን በበርጩማው፣ አሁንም አለየሁትም።

ከመቁረጤ በፊት አማክሬያታለሁ። ማለቴ፣ ነግሬያታለሁ። «ለአንቺው ብዬ ነው፣ ቅጠሉ እንዳያዳልጥሽ» አልኳት። ቀና ብላ ዛፉን አየችውና «አንተ ካልክ ምን እላለሁ ልጄ» አለች። እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ሁለት ሰዎች በግማሽ ቀን ጨረሱት። ከዚያ እኔም ግቢውን ሴራሚክ አስነጠፍኩት። አሁን ፀሐዩ ከሴራሚኩ ላይ እየነጠረ ዓይን ይወጋል። እማዬ ምስሯን ይዛ ሳሎን ገባች፣ ቴሌቪዥን ፊት። በር ላይ ሲያልፉ አይተዋት ጎራ ይሉ የነበሩት ጎረቤቶቿም ቀሩ። እንቅልፍ እምቢ አላት፣ ግፊቷም ጨመረ። በዛፉ ነው አልልም፤ ግፊቱ ድሮም ነበረባት፣ ዕድሜም አለ። ግን ሐኪሙ «ቀን ቀን ውጭ ይወጣሉ?» ብሎ ሲጠይቃት ፈጥኜ «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ።

የሚገርመው፣ ከዚያ ወዲህ የዛፍ ሰባኪ ሆኛለሁ። ቢሮ ሻይ ላይ ስለ ሮጀር ኡልሪች ያልነገርኩት ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1984 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ጥናት አወጣ። በፔንስልቬንያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ውስጥ፣ መስኮታቸው ዛፍ የሚያሳያቸው 23ቱ የጡብ ግንብ ከሚያዩት 23ቱ ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም የወሰዱት ከእነሱ ያነሰ ነው። «ተኝተው በመስኮት ስላዩት ብቻ!» እላለሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ። የእማዬ መስኮት የጎረቤትን ብሎኬት እንደሚያሳይ አልናገርም። በመሃል የነበረው ግራቪሊያው ነው።

በወር አንዴ እንጦጦ ፓርክ እወስዳታለሁ። ፎቶ አነሳትና እለጥፈዋለሁ፤ «ተባረክ» የሚለኝ ብዙ ነው። ባለፈው ባሕር ዛፎቹ መሃል ተቀምጣ፣ «ደስ ይላል፤ ምስሬን ይዤ ብመጣ ኖሮ» አለች። ሳቅን። እኔ ትንሽ አበዛሁት።

ሰሞኑን የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቆርጣ ጤና አዳም ተክላበታለች። ያስቀመጠችው ግንዱ የነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ ቪትዟን የማዞርበት። ትናንት ማታ ስገባ በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረግኩት። ጠዋት ስነሳ ቦታው ተመልሷል፤ አፈሩም ውኃ ጠጥቷል።